አርባ ሁለት ኪሎ በጋቢና

እናቴ አርባ ሁለት ኪሎ ናት። ካዛንቺስ ባለው ክሊኒክ ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር ነርሷ ቁጥሩን ሁለቴ ታየዋለች፤ እናቴም በወጣች ቁጥር "ጫማዬን ስላወለቅኩ ነው" ትላለች፣ ጫማዋ የጎደለውን ሊሞላላት ይመስል። ሰማንያን ተሻግራለች። በወጣትነቷም ትንሽዬ ሴት ነበረች፤ እርጅና ሲመጣ ደግሞ ካላት ላይ ቀነሰባት። እኔና ወንድሜ በአባታችን ወጥተን ግድንግድ ነን። ከመሃላችን ስትቆም ሰው የተጠጋችን የጎረቤት ልጅ አድርጎ ነው የሚያያት።

ትንሽ ሰው መሆን በዚህ ከተማ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ከእሷ ጋር ስዞር ነው። ለገሃር ታክሲ ስትሰለፍ ከኋላዋ የነበረው ሰው ከፊቷ ይገባል። ረዳቱ "እማማ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ" ብሎ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ያደርጋታል። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠርታለች። ጡረታ የወጣች ቀን ሽኝት ተደርጎ ኃላፊው ስሟን ከወረቀት ላይ አነበበና ቀና ብሎ "የትኛዋ ናት?" አለ። ከፊቱ ነበረች። እሷ ይህን ስታወራ ትስቃለች። እኔ ግን አንድም ቀን ስቄ አላውቅም።

ጋቢናን የምታየው ሌላው ሰው ሹመትን በሚያይበት ዓይን ነው። በታክሲ ዘመኗ ጋቢና የሚቀመጠው ወይ የሾፌሩ ወዳጅ፣ ወይ ቆንጆ ልጅ፣ ወይ ከሩቅ ሲታይ የሚያስፈራ ሰው ነበር። እሷ ከሦስቱም አልነበረችም። ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን ኤሌክትሪክ መኪና ገዝተን ቂርቆስ ግቢያችን ያስገባናት ቀን፣ እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ ጋቢና ገባች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ማየት ጀመረች። መኪናዋ ገና ቻርጅ ላይ ነበረች። ያን ቀን ወዴትም አልሄድንም፤ እናቴ ግን ከጋቢና የወረደችው ለምሳ ነው። ወንድሜም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከኋላ ተቀማጭ ሆነ።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ። መኪናዋ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ጋቢና ከተቀመጠ ትጮሃለች። ቲን፣ ቲን፣ ቲን እያለች፣ እስኪያስር ድረስ አታቆምም። ወንድሜ በሆነ አጋጣሚ ጋቢና ሲደርሰው ገና ሳይደላደል ትጀምረዋለች። እናቴ ስትቀመጥ ግን ጭጭ። ብታስር ጭጭ፣ ባታስር ጭጭ። መጀመሪያ ገረመን፤ ከዚያ እናቴ ራሷ ፍቺ ሰጠችው።

"ታውቀኛለች" አለች። "ሰው ታከብራለች። እናንተን ነው የምትቆጣው።"

እኛም ተቀበልን! ወንድሜ "እንግዲህ መኪናም ታላቅና ታናሽ ይለያል" እያለ ቀለደ፣ እናቴ ግን ቀልድ አልመሰላትም። ለእድር ሰዎች አወራች፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ አወራች። አንገቷን ስለሚከረክራት ቀበቶውን ማሰርም ተወች። "እሷ ካልጮኸች አንቺ ለምን ትጮሂብኛለሽ?" ስትለኝ መኪናዋን አስነሳሁ። እናቴን በሄድንበት መንገድ ሁሉ ያለ ቀበቶ ይዤ ዞርኩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ የብቻዬ ነው። መኪናዋን የሸጠልን አስመጪ ስክሪኗ የሚናገረው ቻይንኛ ብቻ እንደሆነ ሲነግረኝ "ይለምዱታል" ብሎኝ ነበር፤ ለመድኩት። ሙቀት መጨመሪያው የቱ እንደሆነ፣ ሬዲዮው የቱ እንደሆነ በቦታው አወቅኩ። ከጊዜ በኋላ በየጠዋቱ መኪናዋን ሳስነሳ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለው ጽሑፍ መምጣት ጀመረ፤ ከሥሩ አንድ ሰማያዊና አንድ ግራጫ ቁልፍ አለ። ግራጫውን ስጫን ይጠፋል። የበዓል ሰላምታ ወይ ማስታወቂያ ነው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ግራጫውን ተጫንኩ። ልብ በሉ፣ እኔ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። ገቢ ደብዳቤ ሳይመዘገብ በእጄ አልፎ አያውቅም። ቤቴ ድረስ በየጠዋቱ የመጣ ደብዳቤ ግን ሳላነብ መለስኩ።

ያዳነን ጎረቤታችን ነው። ለአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የቻይንኛ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሠራ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ጠፍቶበት ካዛንቺስ ድረስ ያድርሱኝ አለና ጋቢና ገባ። ቀበቶውን ሳያስር መኪናዋ ጮኸችበት፤ አሰረ። እኔም እንደ ልማዴ ግራጫውን ተጫንኩ።

"ኧረ እትዬ ቆይ ቆይ! ምኑን ነው ያጠፉት?"

"የጠዋት ሰላምታዋን።"

"ሰላምታ አይደለም! ማለቴ... በቃ አንዴ አጥፍተው ያስነሷት።"

አጥፍቼ አስነሳኋት። ጽሑፉ መጣ። ጎረቤቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አንድ ጊዜ በልቡ አነበበ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር በአማርኛ ጀመረ።

"አምራቹ መኪናዎን ለጥገና እየጠራ ነው ይላል። ሪኮል የሚባለው። የጋቢናው ኤርባግ፣ ማለትም ስንጋጭ የሚነፋው ትራስ፣ ሶፍትዌሩ ስህተት አለበት። ክብደቱ አነስ ያለ አዋቂ ሰው ሲቀመጥ ወንበሩን ባዶ ነው ብሎ ይቆጥራል። ባዶ ነው ካለ ደግሞ አደጋ ሲመጣ ትራሱ አይነፋም። እስኪስተካከል ድረስ ጋቢና ሰው አታስቀምጡ ይላል።" ጽሑፉን ትንሽ ወደ ታች አወረደና ጨመረ፤ "የቀበቶው ደወልም ላይጮህ ይችላል።"

አስታውሳለሁ፣ ገና ከግቢ አልወጣንም። እናቴ በመስኮት እያየችን እጇን አወዛወዘች። እኔም መልሼ አወዛወዝኩ።

ለካ አከበረቻት ያልነው አላየቻትም ኖሯል። መኪናዋ ውስጥ እናቴ የለችም። እስከ መስቀል አደባባይ ስንሄድ፣ በስታዲየም ዞረን ስንመለስ፣ እናቴ ግራ ቀኝ እያየች "ይኼ ሕንፃ መቼ በቀለ?" ስትለኝ፣ ለመኪናዋ አጠገቤ ባዶ ወንበር ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ያለቅሳል። እኔ ግን ስናደድ ነው የሚያምርብኝ። ያን ጠዋት ጎረቤቴን ካዛንቺስ አድርሼ መዝገብ ቤት ስገባ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ረቡዕ የእናቴ የፊዚዮቴራፒ ቀን ነው። ጉልበቶቿ እንዳይደርቁ ሐኪሙ በየሳምንቱ እንድትመጣ አዟል። እውነቱን ልነግራት አልደፈርኩም። "እማዬ፣ ከኋላ ለወገብ የተሻለ ነው ይባላል፣ ዛሬ እዚያ ተቀመጪ" አልኳት። የኋላውን በር ከፍቼ ቆምኩ። በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ከኋላ ዕቃ ነው የሚቀመጠው" አለችና ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ያን ረቡዕ አልሄደችም፤ የሚቀጥለውንም አልሄደችም። ወንድሜ ሜትር ታክሲ ልጥራልሽ አላት፤ "የልጆቼ መኪና ደጄ ቆማ?" አለች። ወገቧን ይዤ እየለመንኳት፣ ለስለስ እያልኩ፣ ፈገግ እያልኩ ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋዋ ስትነሳ ጉልበቷ ሲንቋቋ ከጓዳ ሰማሁት። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ጋቢና ካስቀመጥኳት በግጭት ልትሞትብኝ ነው፤ ካላስቀመጥኳት ቤት ውስጥ ተቀምጣ እግሯ ሊታሰርብኝ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ መኪናዋ እናቴን ማየት አለባት።

አስመጪው ሾውሩም ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠባብ ሱፍ የለበሰ፣ ወንበር የሚስብልኝ፣ ቃላቱን የሚያጣፍጥ ሰው ነው። ስለ ሪኮሉ ነገርኩት።

"እትዬ፣ እሱ ለቻይና ገበያ የወጣ ነው። እኛን አይመለከተንም።"

"መኪናዋ ከየት መጣች?"

"ከቻይና።"

"ታዲያ?"

"እሱማ ልክ ነው፣ ግን በቃ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ስንት ኪሎ ናቸው እናትዎ?"

"አርባ ሁለት።"

ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። "አይጨነቁ! አንዳንድ ደንበኞቻችን የሚያደርጉት አለ። አሥር ኪሎ ዱቄት ጨርቅ አልብሰው ከሥራቸው ያድርጉላቸው። ሶፍትዌሩ ሙሉ ሰው ነው ብሎ ይቆጥራቸዋል።"

ከዱቄት ጋር ተደምራ ሰው እንድትሆን! ከፊቴ የተቀመጠውን የውሃ ብርጭቆ ምን እንዳደርገው አሰብኩ፤ ጠጣሁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ "ይህን ያሉኝን በጽሑፍ ይሰጡኛል?" ምን አለ መሰላችሁ? "በጽሑፍ እንኳ ያስቸግራል" አለኝ። በዚያች ደቂቃ ሰውየው እጄ ገባ። ጽሑፍ የሚፈራ ሰው በጽሑፍ ይረታል፤ ይህን ከሠላሳ አንድ ዓመት የፋይል አቧራ ተምሬዋለሁ።

ሰው ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ይመስለዋል። ኃላፊ የሚባል ፍጡር የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ግልባጭ ለማን እንደተደረገ ያያል፤ ግልባጩ ካላስፈራው ሐተታውን አያነብም። ስለዚህ እኔ ደብዳቤ ስጽፍ የምጀምረው ከግልባጩ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን ጻፍን። ግልባጭ፦ ትራንስፖርትን ለሚመለከተው ቢሮ፤ ግልባጭ፦ ለሸማቾች ጥበቃ፤ ግልባጭ፦ ለመኪናዋ ኢንሹራንስ፤ ግልባጭ፦ ቻይና ላለው አምራች ፋብሪካ። ለፋብሪካው የሚሄደውን ጎረቤቴ በቻይንኛ አዘጋጀው፤ አድራሻው እዚያው እኔ ሦስት ወር ስረግጠው በነበረው ጽሑፍ ግርጌ ላይ ነበር። ሐተታው አጭር ነው። "ጉዳዩ፦ ጋቢና የተቀመጠን ሰው እንደሌለ ስለሚቆጥር ሶፍትዌር" ብዬ ጀመርኩ፤ የዱቄቱንም ምክር ከነኪሎው አሰፈርኩ።

ብቻዬን ግን አልሄድም። የአንድ ሰው ደብዳቤ አቤቱታ ነው፣ የብዙ ሰው ደብዳቤ ራስ ምታት ነው። የእኔን የምትመስል መኪና ባየሁ ቁጥር መስኮት ማንኳኳት ጀመርኩ። ስታዲየም አካባቢ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ካዛንቺስ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ፣ አንዴም መብራት ላይ ቆሜ። "ይቅርታ፣ ከጎንዎ ቀጭን ሰው ሲቀመጥ ትጮሃለች?" እላለሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋብኝ፤ ምን እንደመሰልኩት እግዜር ይወቅ። ሌላዋ ሴት ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ክስት ያለች ናት። ለእሷ አትጮህም። እኔ መኪናዋ የወደደቻት መስሎኝ..." አለች። እያንዳንዱ ባለመኪና የራሱ ፍቺ ነበረው። አንዱ "ደወሉ ተበላሽቶ ነው" ብሎ ነበር፤ አንዱ ሚስቱ ቀስ ብላ ስለምትቀመጥ ነው ብሎ ነበር። ጋቢናቸው ባዶ ተብሎ እንደሚቆጠር ያወቀ አንድም አልነበረም። በሁለት ሳምንት አሥራ አራት ሆንን። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ብቻ ለመፈረም ሦስት ቀን አመነታ፤ "ነገር ፍለጋ እንዳይመስል" እያለ። ሚስቱ ታማ ተነስታ ሰውነቷ አልቆ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። በመጨረሻ እሱም ፈረመ።

ደብዳቤውን ይዘን ሾውሩም የገባን ቀን መቼም አይረሳኝም። ጸሐፊዋ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ልትከት ስትል "ቁጥር ይሰጠኝ" አልኩ።

"የምን ቁጥር?"

"የገቢ መዝገብ ቁጥር። ደብዳቤ ተቀብላችኋል፣ መዝግቡ።"

"እኛ... መዝገብ የለንም።"

መዝገብ የለንም! ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ መዝገብ ነበረኝ፤ ሰው የማምንበት ጊዜ አልፏል። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ አሰመርኩላት፤ ተራ ቁጥር፣ የላኪው ስም፣ ጉዳዩ፣ የተቀባይ ፊርማ። "ተራ ቁጥር አንድ" ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ፈረመች፤ ቀሪውም ላይ ማኅተም አስመታሁ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት በሩ በኩል ሲያየን ቆይቶ ወጣና ደብዳቤውን አነሳ። ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም። እንደጠበቅኩት ከታች ጀመረ። የቻይንኛው ግልባጭ ላይ ሲደርስ ከረባቱን ላላ አደረገ።

አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልክ ደወለ። ፋብሪካው ባለሙያ ልኮ አዲሱን ሶፍትዌር ሊጭን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራቱም መኪኖች ወደ አስመጪው ጋራዥ ግቢ ይምጡ ተባለ። ስልኩን ዘግቼ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጸጥታ ባስከበርኩበት ክፍል፣ እልል አልኩ። አለቃዬ ሮጦ መጣ። "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ደብዳቤ ሠራ!" አልኩት።

ቅዳሜ ግቢው በአንድ ዓይነት መኪና ተሞላ። ባለሙያው ዝምተኛ፣ ላፕቶፑን ከደረቱ የማያርቅ ቻይናዊ ነው፤ ጎረቤቴ አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት ቆሟል። መጀመሪያ የእኔ መኪና ላይ ገመዱን ሰካ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁላችንንም ከእግር እስከ ራስ እያየ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጎረቤቴ ሳቁን ዋጠ።

"ማረጋገጥ አለብኝ ይላል። ከአምሳ ኪሎ በታች የሆነ አዋቂ ሰው ጋቢና ይቀመጥልኝ ነው የሚለው።"

ባለመኪኖቹ እርስ በርስ ተያየን። ኑሮ የደላን ባንሆንም ከሲታ ግን በመካከላችን የለም። ሴቶቹ ሆዳችንን ሳብ አደረግን፤ ወንዶቹ ሰማይ ሰማይ አዩ። ጸሐፊዋ ወደ ፊት መጣ ብላ ኪሎዋን ስትጠየቅ ተመለሰች። ለካ ቀጫጭኖቹን ሁሉ ፈርተን ቤት ትተናቸው መጥተናል። እኔ ግን ማንን እንደሚፈልግ አውቄ ነበር።

ከግቢው ቤታችን ሩቅ አይደለም። እናቴን አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ። ስትዋሺ ጨዋ ትሆኛለሽ።"

"መኪናዋ አንቺን የማትጮህብሽ አውቃሽ አይደለም። አታይሽም ነበር። አንቺ ስትቀመጪ ወንበሩ ባዶ ነው ነበር የምትለው። ለዚያ ነው ከኋላ ያልኩሽ።"

እጇ ጉልበቷ ላይ ቆመ። "ባዶ?"

"ባዶ።"

ደጀ ሰላም ላይ ያወራችው ሁሉ ትዝ ያላት ይመስለኛል። "እሷም እንደ ሰዉ ናታ" አለች በመጨረሻ። ከተናገረችው ሁሉ ይቺ ነች ያቃጠለችኝ።

"አሁን ተሠርታለች እማዬ። ግን የሚያረጋግጥላቸው ጠፋ። ከአምሳ ኪሎ በታች የሆነ ሰው ነው የሚፈልጉት።"

"ከዚያ ሁሉ ሰው?"

"ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የለም። ቻይናዊው ባለሙያ ሥራውን አቁሞ እየጠበቀሽ ነው።"

እናቴ ተነሳች። ያለ እኔ እርዳታ ነው የተነሳችው። "የበዓሉን ነጠላ አምጪልኝ" አለች።

የዱቄቱን ነገር ሳይቀር እየነገርኳት በሜትር ታክሲ ደረስን፤ ጋቢና እንደተቀመጠች መናገር ያለብኝ አይመስለኝም። ግቢው ውስጥ ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፋት። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ጎረቤቴ "እማማ፣ ቀበቶ እንዳያስሩ። ዝም ብለው ይቀመጡ ነው የሚለው" አላት። የእኛ መኪና ጋቢና ገባች፤ በሩን ዘጋሁላት። ሁላችንም ወደ መኪናዋ ተጠጋን።

ቲን። ቲን። ቲን።

እናቴ ደነገጠችና ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ወደ እኔ ዞረች፤ ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "እኔን ነው?" የምትል መሰለኝ። "አንቺን ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቻይናዊው ሳይቀር አጨበጨበ። እኔ፣ ስናደድ ነው የሚያምርብኝ ያልኩት ሴትዮ፣ እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ።

የእናቴ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። አሥራ ሦስት መኪና ይጠብቃታል። ባለሙያው ጭኖ ሲጨርስ አንዱ ባለመኪና በር ይከፍትላታል፣ ትገባለች፣ ትጮህባታለች፣ ትወርዳለች። ወንበር አመጡላት፣ ለስላሳ አመጡላት። በአራተኛው መኪና ላይ ክንዷን የሚደግፍ ተመደበላት፤ በስድስተኛው ላይ ራሷ "ቀጣይ!" ማለት ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ ያን ጠባብ ሱፉን እንደለበሰ መጥቶ የሰባተኛዋን መኪና በር ከፈተላት።

"አንተ ነህ ዱቄት ከሥሯ አድርጉ ያልከው?" አለችው።

"እማማ፣ እሱ... ለጊዜው ብዬ ነው።"

"ለዱቄቱም ቀበቶ ያስሩለታል?" ብላው ገባች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ዘጠነኛዋ መኪና የዚያ ግዙፍ ሰውዬ ነበረች። እናቴ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ዝም። ጠበቅን። ባለሙያው ላፕቶፑን አይቶ አውራ ጣቱን ቀና አደረገ፤ "ተጠናቋል ይላል" አለ ጎረቤቴ። ሰውየውም እፎይ ብሎ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እናቴ ግን አልወረደችም።

"ይቺ አላየችኝም" አለች በተከፈተው መስኮት።

"እማማ፣ ኮምፒዩተሩ ጨርሷል እኮ ነው የሚለው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እሱ ይጨርስ። እኔ ተቀምጫለሁ፣ እሷ አላየችኝም። ያላየ ሰው ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ።"

ጎረቤቴ ቃል በቃል ተረጎመለት። ባለሙያው እናቴን አየ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰካ። አዲሱ ሶፍትዌር ግማሽ ላይ ተቋርጦ አሮጌው ነበር እየሠራ ያለው። ደግሞ ሩብ ሰዓት ጫነ። እናቴ በሙሉ ጊዜው ከጋቢና አልወረደችም፤ "ንቅንቅ አልልም" አለች። በመጨረሻ መኪናዋ ጮኸች። ግዙፉ ሰውዬ አጎንብሶ ገብቶ የእናቴን ጉልበት ሳመ። "ሚስቴን በዚህ ልወስዳት ነበር" አለ። "ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ያመጣኋትም በዚህ ነበር።" እናቴ ራሱን ዳሰሰችው።

አሥራ አራቱም ሲያልቁ ባለሙያው የሚሞላው ቅጽ ነበረው። ያረጋገጠው ሰው ስም የሚል ቦታ ላይ ደርሶ ጎረቤቴን ጠየቀው። እናቴ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ እሱም እየደጋገመ፣ ምላሱ እየተጠላለፈ፣ እስኪያስተካክል ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ጠራት። አንዴም "የትኛዋ ናት?" አላለም። ከዚያ ብዕሩን ለእሷ ሰጣትና በአሥራ አራቱም ቅጾች ላይ ፈረመች። እኔ በሕይወቴ ስንትና ስንት ፊርማ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተረጋግቶ የፈረመ ሚኒስትር አላየሁም።

ወደ መኪናችን ስንመለስ በሩን ከፈትኩላት፤ ጋቢና ገባች። እኔም በመሪው በኩል ገብቼ የራሴን አሰርኩ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመረች።

"እማዬ፣ ቀበቶሽን።"

አልሰማችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ ፊት ታያለች።

"እማዬ!"

"ተያት" አለች። "ትንሽ ትጥራኝ።"

ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። መስኮቴን ዘጋሁ። ያለ ቀበቶ አንድ ክንድ አልነዳም፣ ግን አላቻኮልኳትም። ስንት ጊዜ እንደጮኸች አልቆጠርኩም። እናቴ ጠግባ ስታበቃ ቀበቶውን በሁለት እጇ ሳበች፣ አንገቷ ላይ ነጠላዋን ደረበችበትና አሰረች።

"ቤት ልውሰድሽ?" አልኳት።

"ቤት ማን አለ? ካዛንቺስን አዙሪኝ" አለች። ነዳሁ።